ሞተርን መግራት፦ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ

ሆሳዕና ውስጥ ወደ አንዱ ወፍጮ ቤት ጎራ ብሎ የሞተሩን ታርጋ በጨርቅ ጠርጎ ላነበበ ሰው የነገሩ ግማሽ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። በዱቄትና በግራሶ የተለወሰችው ቆርቆሮ ‹‹15 ኪሎ ዋት፣ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 1460 ዙር በደቂቃ›› የምትል ዓይነት ናት። ባለወፍጮው ከእነዚህ ቁጥሮች የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው፤ ሲገዛም በፈረስ ጉልበት ቆጥሮ 20 ብሎ ነው የገዛው። መስመር የሚዘረጋለት ኤሌክትሪሺያን ሁለተኛውን ያያል። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ዝምድና ነው፤ 50 ኸርዙ ቢነካ 1460ው ምን ይሆናል? ነኪውስ ማን ነው?

ጥያቄው በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ከሁለት ወገን ይነሣል። አንደኛው ተማሪው ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪ ከሚያስተምረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥቶ አርዱይኖ ቦርድ ይዞ የመመረቂያ ርእስ የሚፈልገው። ሁለተኛው ባለሥራው ነው፤ ሆሳዕናም ሆነ ሾኔ፣ ዱራሜም ሆነ ሽንሽቾ፣ የእንጨት ቤት ወይም ወፍጮ ወይም ስፌት ቤት ያለው። ተማሪው የሚሠራው ሥራ ባለሥራውን አይጠቅመውም፤ የባለሥራው ችግር ደግሞ ተማሪው ካነበባቸው የሰርኪዩት ንድፎች ውስጥ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ‹‹የኤሲ ሞተርን ፍጥነት በማይክሮኮንትሮለር እንዴት ልቆጣጠር?›› የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የትኛው ሞተር፣ ለየትኛው ሥራ የሚለው ሳይለይ ነው።

ኤሲ ሞተር ስንል ጠባያቸው የማይገናኝ ሁለት ማሽኖችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንዱ ካርቦን ያለው ነው፤ በእጅ ድሪል፣ በግራይንደር፣ በጁስ መፍጫ፣ በቤት ልብስ ስፌት መኪና ውስጥ ያለው። ዩኒቨርሳል ሞተር ይባላል፤ በኤሲም በዲሲም ይሠራል፣ ለኸርዝ ግድ የለውም፣ የተሰጠውን ቮልቴጅና የተጫነበትን ሸክም አይቶ ይሮጣል። ሁለተኛው ኢንዳክሽን ሞተር ነው፤ ወፍጮውን፣ የውኃ ፓምፑን፣ የእንጨት መሰንጠቂያውን፣ የሊጥ ማቡኪያውን የሚያዞረው። ካርቦን የለውም፣ ወደ ሮተሩ የሚገባ ሽቦም የለም፣ ኩሽኔታው እስካልተበላና ጥቅሉ እስካልተቃጠለ ድረስ ዓመታት ይሠራል። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1888 ፓተንት ካገኘበትና ሚኻይል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በማግሥቱ ዓመት ባለ ሦስት ፌዝ አድርጎ ካቃናው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

የኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነት ልመናም ቁጣም አይሰማም። በስታተሩ ውስጥ የሚዞረው መግነጢሳዊ መስክ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ለማወቅ 120ን በኸርዙ አባዝቶ ለፖሎቹ ቁጥር ማካፈል ነው። ባለ 4 ፖል ሞተር በ50 ኸርዝ 1500፣ ባለ 2 ፖል 3000 ይሆናል። ሮተሩ ከመስኩ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስሊፕ የሚባለው ይህ መዘግየት ባይኖር ሮተሩ ላይ ከረንት አይፈጠርም፣ ጉልበትም አይኖርም። 1500 መሆን የነበረበት ታርጋው ላይ 1460 የሆነው በዚህ ነው። ስለዚህ ሞተሩን በራሱ ለማዘግየት ያሉት በሮች ሦስት ናቸው፤ ፖሉን መለወጥ፣ ስሊፑን ማስፋት፣ ኸርዙን መለወጥ። አንዳንድ የዳቦ ቤት ማቡኪያዎች ላይ ያለው ባለ ሁለት ፍጥነት ማብሪያ ከመጀመሪያው በር የመጣ ነው። ሞተሩን ሳይነኩ ቺንጋና ፑሌጃ መቀየርም አለ፤ ቶርኖ ቤቶች ፑሌጃ እየቀረጹ ስንቱን ማሽን ያስተካከሉት በዚህ ነው። ለአንድ ቋሚ ፍጥነት ከዚህ የረከሰ መፍትሔ እስካሁን አልመጣም፤ ማይክሮኮንትሮለር ለመግዛት የሚያስበው ሰው ይህን ቢያውቅ ገንዘቡን ይቆጥባል።

ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው የሚገባው በሁለተኛው በር ነው። ዕቃዎቹ ትራያክ የሚባለው የኤሲ ማብሪያ፣ ትራያኩን የሚቀሰቅስ ኦፕቶካፕለር፣ መስመሩ ዜሮ ቮልት ሲደርስ የሚጠቁም ሌላ ኦፕቶካፕለር፣ እና አንድ ቺፕ ናቸው። መስመራችን 50 ኸርዝ በመሆኑ ቮልቴጁ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ይሻገራል፤ ከአንዱ ዜሮ እስከ ቀጣዩ 10 ሚሊ ሰከንድ አለ። ቺፑ ዜሮው ሲነገረው ሰዓቱን ያስነሣል፤ 2 ሚሊ ሰከንድ ጠብቆ ትራያኩን ቢቀሰቅስ አብዛኛው የማዕበሉ ክፍል ያልፋል፣ 8 ቢጠብቅ ጭራው ብቻ። አርዱይኖ ላይ ያለው አትሜጋ328 በ16 ሜጋ ኸርዝ ስለሚሄድ እነዚያ 10 ሚሊ ሰከንዶች ለእርሱ 160,000 ምት ናቸው፤ በመሐሉ ፍጥነት ለመለካትም ስክሪን ለመጻፍም ጊዜ አለው። አምፖል ላይ ሲሞከር ያምራል። ሞተር ላይ ሲሆን ግን አንድ ነገር ይመጣል፤ ጥቅሉ ከረንቱን ስለሚያዘገየው ትራያኩ ቮልቴጁ ዜሮ ሲሆን ሳይሆን ከረንቱ ዜሮ ሲሆን ነው የሚዘጋው። አጭር መቀስቀሻ ምት የለመደ ፕሮግራም እዚህ ይወላከፋል፣ ሞተሩ ይንዘፈዘፋል። ምቱን ማርዘምና ከትራያኩ ጎን ሬዚስተርና ካፓሲተር ማሰር መፍትሔው ነው።

ይህ መንገድ ለድሪልና ለጁስ መፍጫ ትክክለኛው ነው። የድሮ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች የሚሠሩት በዚሁ ነበር፤ ካርቦን ባለው ሞተር ጀርባ ፍጥነት የምትለካ ትንሽ ጥቅል አለች፣ ቺፑ እርሷን እያነበበ የትራያኩን ሰዓት ያስተካክላል። ሸክም ሲጨመር ቶሎ ይቀሰቅሳል፣ ሲቀል ያዘገያል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት የለም፤ ሞተሩም ከተጣለ ማጠቢያ ማሽን ይገኛል። ኢንዳክሽን ሞተር ላይ ግን ቮልቴጅ መቀነስ ጉልበት መግፈፍ ነው። ቮልቴጁ ወደ 70 በመቶ ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 49 በመቶ ይወርዳል፤ ሸክሙ ካልቀነሰ ሮተሩ የባሰ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የቀረው ልዩነት ሁሉ ሮተሩ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። የሚታገሠው ሸክም አንድ ነው፤ ቬንትሌተር፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሸክሙም አብሮ ስለሚረግፍ። የመማሪያ ንድፎች ሁሉ ቬንትሌተርን ምሳሌ የሚያደርጉት ስለሚሠራላቸው ነው። ሆሳዕና ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰው በክረምት መስኮት ይዘጋል እንጂ ቬንትሌተር አያስብም። በዚህ ከተማ የቬንትሌተር መቆጣጠሪያ ሠርቶ መመረቅ ለደጋ ሰው ጥላ እንደ መስፋት ነው።

ስለ ኸርዝ ከተነሣ አንድ ነገር ላስገባ። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ሰው ብዛት ለማንም አዲስ አይደለም፤ በየከተማው ካሉት ሕንፃዎችና የሥራ ማሽኖች ጀርባ ያ ገንዘብ አለ። ከዚያ የሚመጣ ማሽን ሶኬቱ ካልሆነ በቀር ችግር የለበትም፤ ደቡብ አፍሪካም 50 ኸርዝ ናት፣ ቮልቴጇም ከእኛው ጋር ይቀራረባል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልከው ግን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ሰው ቮልቴጁን በትራንስፎርመር አውርዶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ማሽኑ ካርቦን ያለው ሞተር ከሆነ በእርግጥም አልቋል። ኢንዳክሽን ከሆነ 1800 ሊዞር የተሠራው 1500 ይዞራል፤ ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በ60 ኸርዝ 120 ቮልት የሚችል ብረት በ50 ኸርዝ የሚችለው 100 ቮልት ገደማ ነው፤ 120 ከተሰጠው ብረቱ ጠግቦ ትርፍ ከረንት ይስባል፣ ይሞቃል፣ ጥቅሉ ይነዳል። ሞተር ጠቅላዮች ጋ ‹‹ምንም ሳይጫንበት ተቃጠለ›› ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ይህ አለበት።

ሦስተኛው በር ይኸው ነው፤ ኸርዝና ቮልቴጅ አብረው፣ ተመጣጥነው ሲለወጡ። ለ380 ቮልት ሞተር ምጥጥኑ በአንድ ኸርዝ 7.6 ቮልት ነው፤ 25 ኸርዝ ሲሆን 190 ቮልት። ይህን የሚሠራው ሣጥን በመጽሐፍ ቪኤፍዲ፣ በገበያ ደግሞ ድራይቭ ወይም ኢንቨርተር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ታይሪስተር ገበያ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ትልቅ ማሽን የፈለገ ፋብሪካ አንድ ሞተር ጄኔሬተር አዙሮ፣ ጄኔሬተሩ ሌላ የዲሲ ሞተር እንዲያዞር ያደርግ ነበር፤ ለአንድ ሥራ ሦስት ማሽን። የዴንማርኩ ዳንፎስ በ1968 በብዛት ተመርቶ የተሸጠ የመጀመሪያውን ድራይቭ አወጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሲመንሱ ፌሊክስ ብላሽከ የሞተሩን ከረንት መስክ ፈጣሪና ጉልበት ፈጣሪ አድርጎ ለሁለት ከፍሎ የሚቆጣጠር ዘዴ አቀረበ፤ ዘዴው ከባድ ስሌት ስለሚፈልግ እውነተኛ ጥቅም የሰጠው ማይክሮፕሮሰሰር ሲረክስ ነው። ዛሬ ጥፍር የምታህል ኤስቲኤም32 ቺፕ ያን ስሌት በሰከንድ ሺሕ ጊዜዎች ትሠራዋለች።

ሣጥኑ ሲከፈት ሦስት ነገር ይታያል። መጀመሪያ የመስመሩን ኤሲ ወደ ዲሲ የሚለውጡ ዳዮዶች፤ ከባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት 540 ገደማ፣ ከባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት 311 ዲሲ ይወጣል። ቀጥሎ ያን የሚያጠራቅሙ ጣሳ የሚመስሉ ካፓሲተሮች። በመጨረሻ ስድስት የትራንዚስተር ማብሪያዎች፣ ለእያንዳንዱ ፌዝ አንድ ላይኛና አንድ ታችኛ። ማይክሮኮንትሮለሩ ሥራው እነዚያን ስድስቱን ማብራትና ማጥፋት ነው። ሳይን ማዕበል በሰንጠረዥ ይዟል፤ ሦስት ቦታ በ120 ዲግሪ ልዩነት ያነበዋል፤ ያነበበውን ቁጥር በሰከንድ ከ4,000 እስከ 16,000 ጊዜ ወደ ጠባብና ሰፊ ምት ይለውጠዋል። ፒደብልዩኤም ማለት ይኸው ነው። ሞተሩ ጥቅል ስለሆነ ምቶቹን አለስልሶ ለስላሳ ከረንት ያደርጋቸዋል። ሰንጠረዡን ፈጥኖ ማንበብ ኸርዝ መጨመር፣ ምቱን ማጥበብ ቮልቴጅ መቀነስ ነው።

ጉዱ ያለው በአንዲት ቅጽበት ነው። የአንዱ ፌዝ ላይኛውና ታችኛው ማብሪያ አብረው ከተከፈቱ የ540 ቮልቱ ሁለት ጫፍ ተገናኘ ማለት ነው፤ ማብሪያዎቹ ከአንድ የዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይፈነዳሉ። ስለዚህ አንዱ ከተዘጋ በኋላ ሌላው እስኪከፈት ከ1 እስከ 3 ማይክሮ ሰከንድ የሚሆን ባዶ ጊዜ ይተዋል። ለሞተር ተብለው የተሠሩ ቺፖች ይህን ጊዜ በራሳቸው ታይመር ይጠብቃሉ፤ ተራ ቺፕ ላይ ፕሮግራመሩ ነው የሚጠብቀው፣ ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ቢደናቀፍ ማብሪያው ሄደ። ተማሪዎች ድራይቭ ልሥራ ብለው ተነሥተው በሦስተኛው ሳምንት ትራያክ ላይ የሚመለሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የተቃጠለውን ማብሪያ ሌላ ለመግዛት እስከ መርካቶ ማስላክ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ባለሥራው እንመለስ፤ ከየትኛው ማሽን ነው የሚጠቀመው? ከወፍጮ ልጀምር፣ ሰው ሁሉ ከዚያ ስለሚጀምር። መልሴ ግን ወፍጮ ተለዋዋጭ ፍጥነት አያስፈልገውም ነው። ድንጋዩም መዶሻውም የተሠራበት ፍጥነት አለው፤ ብታዘገየው ዱቄቱ ይሻክራል፣ ወረፋው ይረዝማል። የወፍጮው ችግር መነሻው ላይ ነው። ባለ 15 ኪሎ ዋት ሞተር በሥራ ላይ 30 አምፔር ገደማ ሲስብ በቀጥታ ሲነሣ ስድስትና ሰባት እጥፍ፣ ወደ 200 አምፔር ይስባል። በአንድ ትራንስፎርመር የተያያዘው ሰፈር አምፖሉ ደብዘዝ ሲል ወፍጮው መነሣቱን ያውቃል። ስታር ዴልታ ማስነሻ ያን ከረንት ወደ ሲሶ ያወርደዋል፤ ጉልበቱንም አብሮ ወደ ሲሶ። ወፍጮ ባዶውን ስለሚነሣ ሲሶው ይበቃዋል። ድራይቭ ከረንቱን ከእጥፍ በታች አድርጎ በሙሉ ጉልበት ያስነሣል፤ ዋጋው ግን ከስታር ዴልታው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ባለወፍጮን ድራይቭ ግዛ የሚል ሻጭ መጀመሪያ ‹‹ጭኖ ነው የምታስነሣው ባዶውን?›› ብሎ ካልጠየቀ ሊታመን አይገባም። ለያሆዴና ለመሳላ በዓል ሰሞን፣ ወረፋው በሚበዛበት ጊዜ፣ መስመሩ ደክሞ ወፍጮው አልነሣ የሚልባቸው ቦታዎች ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ሻጩም ገዢውም የሚዘነጉት አለ፤ ከፍታ። ድራይቭ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት የሚወስድለት ያጣል፤ አምራቾቹ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል አቅሙን ቀንሱ ይላሉ። ሆሳዕናም ዱራሜም ከ2,100 ሜትር ስለማያንሱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ይቀነሳል፤ 15 ኪሎ ዋት ተብሎ የተሸጠው ሣጥን እዚህ ሲደርስ 13 ነው። ቀጣዩን መጠን፣ 18.5 ኪሎ ዋቱን መያዝ ይሻላል። ዱቄቱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሐል ገብቶ ይጋገራል። ሞተሩም ራሱ ዘንግ ላይ በተሠካ ቬንትሌተር ስለሚቀዘቅዝ ከ20 ኸርዝ በታች ለረጅም ሰዓት ሸክም ይዞ ከዞረ ይበስላል። በድጋሚ የተጠቀለለ ሞተር ደግሞ ቫርኒሹ ቀጭን ከሆነ የድራይቩን ስለታም ምት አይችልም፤ ገመዱ ረጅም ሲሆን ሞተሩ ጫፍ ላይ ምቱ እስከ 1,000 ቮልት ሊያሻቅብ ይችላል። ሞተር ጠቅላዩ ለድራይቭ መሆኑ አስቀድሞ ቢነገረው ወረቀቱንም ቫርኒሹንም ያወፍረዋል።

የውኃ ፓምፕ ላይ ድራይቭ ስም ያወጣው በአንድ ሕግ ነው። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሚፈልገው ኃይል ወደ 51 በመቶ ይወርዳል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ስለሆነ ይህ ቁጥር ጆሮ ያስቆማል። ነገር ግን ሕጉ በቧንቧ ውስጥ ለሚዞር ውኃ እንጂ ከጥልቅ ጉድጓድ ለሚወጣ ውኃ እንዳለ አይሠራም። በ50 ኸርዝ 100 ሜትር የሚገፋ ፓምፕ በ40 ኸርዝ የሚገፋው 64 ሜትር ነው። ውኃው 70 ሜትር መውጣት ካለበት ፓምፑ ይዞራል እንጂ ጠብታ አያወጣም፤ ከርሞ ይቃጠላል። ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሞተር ከ30 ኸርዝ በታች እንዳይወርድ የሚከለከለውም በማቀዝቀዣና በኩሽኔታው የተነሣ ነው። የከተማ ውኃ ስርጭት ግፊቱ ጧትና ሌሊት የሚለዋወጥ ስለሆነ እውነተኛ ትርፍ ያለው እዚያ ነው። ግቢው ውስጥ ሮቶ ለሰቀለ ሰው ግን ድራይቭም ቺፕም አያስፈልገውም፤ ተንሳፋፊ ማብሪያ ይበቃዋል፣ ሮቶውን የምትሞላው ባለ አንድ ፌዝ ፓምፕም ካፓሲተር ስላላት ድራይቭ አትወድም። ቆላውን ይዘው ወደ ሃላባ ሲወርዱ፣ በቢላቴ ወንዝ አካባቢ መስኖ በሚለማበት አገር፣ የሶላር ፓምፕ ድራይቭ ሌላ ታሪክ አለው፤ ቺፑ ፀሐዩ የሰጠውን ኃይል እየለካ ኸርዙን ከደመናው ጋር ያወጣዋል ያወርደዋል።

ድራይቭ በእውነት ሕይወት የሚለውጠው እንጨት ቤት ውስጥ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ፍጥነት አይደለም። ብዙ ትናንሽ ሥራ ቤቶች ያላቸው ባለ አንድ ፌዝ መስመር ነው፣ ጥሩ ማሽን ግን ባለ ሦስት ፌዝ ነው የሚመጣው። እስከ 2.2 ኪሎ ዋት ድረስ 220 ቮልት አንድ ፌዝ ገብቶ 220 ቮልት ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ድራይቭ አለ። እዚህ ላይ የሞተሩን ክዳን መክፈት ያስፈልጋል። ውስጡ ስድስት ብሎን በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ሦስቱ በናስ ልሳን ጎን ለጎን ተያይዘው ከሆነ ስታር ነው፣ ልሳኖቹ ከላይ ወደ ታች ከቆሙ ዴልታ። ታርጋው ‹‹220/380›› የሚል ትንሽ ሞተር ለዚህ ድራይቭ ዴልታ መታሰር አለበት፤ ስታር እንደሆነ ከተተወ ጉልበቱ ሲሶ ሆኖ እንጨቱ መሐል ይቆማል፣ ባለቤቱም ድራይቩን ይረግማል። ከ4 ኪሎ ዋት ጀምሮ ያለው አብዛኛው ሞተር ‹‹380/660›› ስለሚል በዚህ መንገድ አይሄድም። ድራይቩ በሙሉ ሸክም ከ20 አምፔር በላይ ስለሚስብ የቤት መስመር ላይ መቀጠል አደጋ ነው። ቶርኖ ላይና ማለስለሻ ላይ ግን ፍጥነቱም ራሱ ጥቅም አለው፤ ጽድና ባሕር ዛፍ በአንድ ፍጥነት አይላጩም።

ስፌት ቤት ግቡ። የድሮው የፋብሪካ ስፌት መኪና ጠረጴዛ ሥር ያለው ክላች ሞተር ጧት ከበራ እስከ ማታ ያጉረመርማል፤ ሰፊው ክር ሲያስገባ፣ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር፣ ሻይ ሲጠጣ ይዞራል። ፔዳሉ ሞተሩን አያስነሣውም፣ ከሚዞረው ሞተር ጋር ክላቹን ያገናኘዋል እንጂ። አሁን በየገበያው የሚሸጠው ሰርቮ ሞተር ሌላ ነው። ጠረጴዛው ሥር ሲያዩ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ ሣጥን አለች፤ ውስጧ የ220 ቮልቱን ወደ ዲሲ የሚለውጥ፣ ስድስት ማብሪያ፣ አንድ ማይክሮኮንትሮለር። ፔዳሉ ላይ ማግኔት አለ፣ ከአጠገቡ ማግኔቱን የሚያነብ ሴንሰር። እግር ሲጫን ቺፑ ማዞር ይጀምራል፣ እግር ሲነሣ ሞተሩ ዝም ይላል። ተማሪው ‹‹እንዴት ልሥራ›› ብሎ የሚጠይቀው ነገር ተሠርቶ፣ ተሽጦ፣ ዱራሜ ገበያ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋበት ነው። ለመመረቂያ ሥራ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይህን ሣጥን ፈትቶ ማየት ያስተምራል።

እንሰት ላይ ግን ገና ያልተሠራ ሥራ አለ። በሀዲያና በከምባታ እንሰት የሚፋቀው በእጅ ነው፤ ሥራው የሴቶች ነው፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሀገራችን ተመራማሪዎች መፋቂያና መጭመቂያ ማሽኖችን ሠርተዋል። መፋቂያ ማሽን ላይ ፍጥነት ቁም ነገር ነው፤ ከበሮው ሲፈጥን ቃጫው ይበጠሳል ወይም ይጠመጠማል፣ ሲዘገይ ሥጋው ቃጫው ላይ ይቀራል። የእንሰቱ ዕድሜና ዓይነት ሲለያይ ትክክለኛው ፍጥነትም ይለያያል። ከረንቱን እየለካ ቃጫ መጠምጠሙን አውቆ ቆም ብሎ ወደ ኋላ የሚያዞር ፕሮግራም ለአንድ ተማሪ የሚመጥን፣ ለእናቶችም የሚደርስ ሥራ ነው።

ድራይቩን ራሱን ግን መሥራት የለባቸውም። ይህን የምለው ችሎታ ንቄ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር የነበረው ዶላር ከ100 አለፈ፤ ድራይቭም፣ ለድራይቭ የሚሆን ትራንዚስተርም አብረው ነው የተወደዱት፤ በችርቻሮ ተገዝቶ የሚገጣጠመው ዞሮ ዞሮ ከተገዛው አይረክስም፣ አስተማማኝነቱም አይደርስበትም። ማይክሮኮንትሮለሩ ቦታው ከድራይቩ ፊት ነው። አብዛኛው ድራይቭ ከ0 እስከ 10 ቮልት ትእዛዝ ይቀበላል፤ በሁለት ሽቦ በአርኤስ485 ሞድበስ ይነጋገራል። አርዱይኖው ግፊት አንብቦ ኸርዝ ያዛል፣ ከረንት አንብቦ ያስቆማል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሣ ይከለክላል፤ ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ እጁን ከመሰንጠቂያው ላይ ላላነሣ ሰው ግን ሁሉም ነገር ነው። ሌላው ሥራ ጥበቃ ነው። በእነዚህ ከተሞች ሞተር የሚያቃጥለው አንድ ፌዝ ሲጠፋ በሁለት ፌዝ እያጉረመረመ መቀጠሉ ነው። ሦስት የከረንት ሴንሰርና አንድ ርካሽ ቺፕ ይዞ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ኮንታክተሩን የሚጥል ሣጥን ምንም ፍጥነት አይቆጣጠርም፤ ከድራይቭ ይልቅ ብዙ ሞተር ያድናል።

የድራይቩን አሠራር መማር ለሚፈልግ ግን መንገድ አለ፣ እዚሁ አገር ባለ ሙያ የሚሆን። ትንሽ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ተወስዶ ሞተር ጠቅላይ ጋ ለ24 ቮልት ዲሲ እንዲስማማ ሆኖ ይጠቀለል፤ ከ24 ቮልት ዲሲ የሚወጣው ባለ ሦስት ፌዝ 17 ቮልት ገደማ ስለሆነ የዙሩ ቁጥር ወደ አንድ አሥራ ሦስተኛ ይቀንሳል፣ ሽቦው በዚያው ልክ ይወፍራል። ከረንቱ 10 አምፔር ሊያልፍ ይችላል፣ የሚገድል ቮልቴጅ ግን ጠረጴዛው ላይ የለም። ባዶ ጊዜውን ያሳሳተ ተማሪ አንድ ፊውዝ ያጣል፣ በቃ። በ540 ቮልት ላይ የሚማር ግን ማብሪያውን አጥፍቶ ካፓሲተሩን በቴስተር ሳይለካ ቢነካ፣ ወይም ኦሲሎስኮፑን ሰርኪዩቱ ላይ ሲያያይዝ ኤርዙ ወዴት እንደሚሄድ ባያውቅ፣ ሁለተኛ ዕድል ላይኖረው ይችላል። አምራቾች ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቁ የሚሉት ለወጉ አይደለም።

የሚቀጥለው ገበያ ከመንገድ እየመጣ ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቁጥር እየጨመረ ነው፤ የኤሌክትሪክ ባጃጅም በየከተማው መታየት ጀምሯል። መቀመጫው ሥር ያለችው የአሉሚኒየም ሣጥን ከላይ የተነገረው ሁሉ ናት፤ ባትሪው ዲሲውን ይሰጣል፣ ስድስት የማብሪያ ቡድኖች ሦስት ፌዝ ያወጣሉ፣ ቺፑ ጋዙን አንብቦ ኸርዙን ይወስናል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩን ጄኔሬተር አድርጎ ባትሪውን መልሶ ሊሞላ ይችላል። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያው ነው፤ ሲበላሽ ይገጥምና ፌዞቹን እርስ በርስ ያገናኛቸዋል፣ ባጃጁም ባይበራም በእጅ ሲገፋ እየተንገጫገጨ ይከብዳል። ምርመራው ቀላል ነው። ባትሪው ይነቀላል፣ መልቲሜትሩ ዳዮድ ላይ ይደረጋል፣ ከሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች እያንዳንዱ ከፖዘቲቭና ከኔጌቲቭ ጋር ይለካል፤ ስድስቱም ንባብ ካልተመሳሰለ የተቃጠለው ተገኘ። በዚህ የሠለጠነ ጠጋኝ የእንጨት ቤቱን ድራይቭም በዚያው መልቲሜትር ይመረምራል፤ የሰርኪዩቱ ቅርጽ አንድ ነው፣ የባጃጁ 60 ወይም 72 ቮልት ሲሆን የእንጨት ቤቱ 311 መሆኑ ነው ልዩነቱ።